የእባብ ጠባይ ስለ ምን ይለወጣል

መግቢያ

ሰው ከላምና ከበግ፥ ከውሻና ከድመት ጋራ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ የእነዚህን ጠባይ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ላም መኖ ስትተው ታማለች ይላል፤ ውሻ ጅራቱን ሲቆላ ደስ ብሎታል ይላል። እባብ ግን በጎንደር ከተማ በድንጋይ ካብ ውስጥ፥ በደጋው መንደርም በጎተራ ሥርና በሣር ክዳን ውስጥ የሰው ጎረቤት ሆኖ ሲኖር፥ ጠባዩን መርምሮ ያወቀው ሰው ጥቂት ነው። ፍርሃት መመርመርን ይከለክላልና።

ስለዚህ የእባብ ጠባይ በተለወጠ ጊዜ ሦስት ዓይነት የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል። ሲታይ የነበረው እባብ ቢጠፋ፥ ወይም ሳይታይ የኖረው ብቅ ቢል፥ አንዱ «ገድ ነው» ይላል። እባቡ ሰውን አይቶ ያልሸሸ እንደ ሆነ፥ ሁለተኛው «ለመደን» ይላል። ዓይኑ ፈዞ፥ ምግብ ትቶ የተኛ እንደ ሆነ፥ ሦስተኛው «ሊሞት ነው» ብሎ በእጁ ሊያነሣው ይሞክራል። ከሦስቱ ፍርድ የመጀመሪያው ሰውን በከንቱ ያስጨንቃል፤ ሁለቱ ግን እጅን ወደ እባብ አፍ ያቀርባሉ።

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር አንድ ነው። የእባብ ጠባይ የሚለወጠው በአራት ምክንያት ነው፤ እነርሱም ቆዳው፥ ሙቀቱ፥ ምግቡና ዘሩ ናቸው። እነዚህን አራቱን ያወቀ ሰው እባብን በሩቅ አይቶ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይረዳል፤ መቼ ይበልጥ መራቅ እንደሚገባም ያውቃል።

ክፍል ፩። በቤት ስለሚኖር እባብ

እባብ ወደ ሰው ቤት የሚመጣው ሰውን ፈልጎ አይደለም። እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበትም አይጥ የሚበላ እባብ ይመጣል። በብዙ የአፍሪቃ አገር፥ በኢትዮጵያም ጭምር የሚገኝ፥ መልኩ ቡናማ የሆነ፥ መርዝ የሌለው እባብ አለ፤ በሰው ቤት ዙሪያ ስለሚበዛም የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት «የቤት እባብ» ብለው ሰይመውታል። ይህ እባብ ቀን ተሸሽጎ ይውላል፥ ሌሊት ይወጣል፤ አይጡንም ተጠምጥሞ ካነቀው በኋላ ይውጠዋል። በአንዳንድ ቤት እንዲህ ያለው እባብ የቤቱ ጠባቂ ነው ተብሎ ሳይነካ ይኖራል፤ በሌላው ቤት ደግሞ በታየበት ሰዓት ይገደላል። የማይነኩት ሰዎች ምክንያታቸው ሌላ ቢሆንም፥ እህላቸውን ከአይጥ የሚጠብቅ ረዳት አግኝተዋል። ነገር ግን መርዛሙንና መርዝ የሌለውን በጭላንጭል ብርሃን ለይቶ ማወቅ ለሁሉ ሰው አይቻልም፤ ስለዚህ የማያውቁትን እባብ ሁሉ መርዛም ነው ብሎ መጠንቀቅ ይገባል።

በአውሮፓና በአሜሪካ እባብን እንደ ድመት በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚያሳድጉትም ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለውን የምዕራብ አፍሪቃ ትንሽ ዘንዶና መርዝ የሌለውን የሰሜን አሜሪካ አይጥ በል እባብ ነው። ከእነርሱም መካከል ትጉሆቹ እባቡ የበላበትን ቀን፥ ቆዳውን የጣለበትን ቀንና የተቆጣበትን ቀን በመዝገብ ይጽፋሉ። እንዲህ ባለ ትጋት የተገኘው ዕውቀት በጎንደር ካብ ውስጥ ስለሚኖረው እባብም ብዙ ነገር ያስረዳል።

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን አያያዝ የሚወስን ሕግ ስላለ፥ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ሊይዝ አይገባውም። ስለዚህ ትምህርት ቤት እባብ ይዞ አያኑር፤ ልጆችም ለማሳየት ብለው ይዘው እንዳይመጡ አስተማሪው አስቀድሞ ይከልክል።

ክፍል ፪። ስለ ቆዳው

እባብ ዕድሜውን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ያድጋል፤ የላይኛው ቆዳው ግን አብሮት አያድግም። ስለዚህ ከሥሩ አዲስ ቆዳ ሲበጅለት አሮጌውን ይጥላል። ግልገሉ ፈጥኖ ስለሚያድግ ቶሎ ቶሎ ይጥላል፤ ያደገው ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

እባብ እንደ ሰው የሚከደንና የሚገለጥ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ መስተዋት የጠራ አንድ ቅርፊት ነው፤ ይህም ቅርፊት ከቆዳው ጋራ አብሮ ይወልቃል። የመጣያው ጊዜ ሲቀርብ በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ይገባል፤ የዚያን ጊዜ ዓይኑ ወተት እንደ ፈሰሰበት ሆኖ ይፈዛል፥ የገላውም መልክ ይደበዝዛል። እባቡ በደንብ ስለማያይ ይሸሸጋል፥ ምግብም ይተዋል፤ የቀረበውንም ሁሉ እንደ ጠላት ይቈጥረዋል። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ዓይኑ ተመልሶ ይጠራል፤ ከዚያም ከንፈሩን በድንጋይ ወይም በእንጨት አሽቶ አሮጌውን ቆዳ ከአፉ ጀምሮ እንደ ተገለበጠ እጅጌ ያወልቀዋል። ይህ ሥራ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ይህን ነገር የጥንት ሰዎችም አይተውታል። ስለ እንስሳት ጠባይ የሚናገረውና ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ ሊቃውንት ይናገራሉ። በዚህ መጽሐፍ እባብ በሸመገለ ጊዜ ዓይኑ እንደሚፈዝ፥ አርባ ቀን እንደሚጾም፥ ከዚያም በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ አልፎ አሮጌ ቆዳውን ጥሎ እንደሚታደስ ይነገራል። የዛሬው ምርመራ ዓይኑ መፍዘዙንና መጾሙን፥ በድንጋይ መታከኩንም እውነት ነው ብሎ ያጸናዋል። የሚታረመው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛ ቆዳ መጣል የእርጅና ምልክት አይደለም፥ ግልገሉም ይጥላልና፤ ሁለተኛ የጾሙ ቀን እንደ እባቡ ዓይነትና እንደ አየሩ ይለያያል። የተማሩ ሽማግሌዎች ይህን ለልጆች ቢያስረዱ፥ የአባቶች ዕውቀትና የዛሬው ትምህርት በአንድነት ሊቆሙ እንደሚችሉ ያሳያሉ።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ይህ ነው። ዓይኑ የፈዘዘ እባብ ሊሞት የተቃረበ አይደለም፤ ይልቁንም ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ለመንከስ የተዘጋጀ ነው። እባብን በሙያ የሚያሳድጉ ሰዎች እንኳ በእነዚህ ቀኖች አይነኩትም።

ክፍል ፫። ስለ ሙቀቱ

ላምና በግ፥ ሰውም ጭምር፥ የገላቸውን ሙቀት ከበሉት ምግብ ያገኛሉ። እባብ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ነው። አየሩ ሲበርድ ደሙ ይበርዳል፤ ደሙ ሲበርድ እንቅስቃሴው ይዘገያል፥ የዋጠውም አይፈጭለትም።

የጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ የሰሜን ተራራዎች ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ወደ ላይ በተወጣ መጠን ብርዱ ስለሚጠና እባብ እያነሰ ይሄዳል፤ ወደ ቆላው በተወረደ መጠን ይበዛል። በወይና ደጋውና በደጋው የሚኖረው እባብ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ጉድጓዱን አይለቅም፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ካቡን ባሞቀች ጊዜ ብቻ ወጥቶ ይሞቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሲሆን ማልዶ ወይም ሲመሽ ይታያል። በክረምት ዝናሙ ጉድጓዱን ሲሞላው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ካብና ወደ ቤት ይጠጋል።

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ የሰውን ተንኮል ለመግለጥ ይነገራል እንጂ፥ የተመሠረተው እባብ ካብ ወዳድ መሆኑን ባየ ሰው ዓይን ላይ ነው። ድንጋዩ ቀን የተቀበለውን ሙቀት እስከ ማታ ይይዛልና። እንግዲህ እባቡ በጥቅምት ታይቶ በታኅሣሥ ቢጠፋ፥ በሐምሌም በደጃፍ ቢገኝ፥ ብርዱና ዝናሙ አዛውረውት ነው፤ ለቤቱ ሰው መልካምም ክፉም ዜና አላመጣም።

በጠዋት ብርድ የደነዘዘ እባብም አያታልል። ቢዘገይም አፉና መርዙ አልጠፉም፤ ፀሐይ ጥቂት ካሞቀችውም ወዲያው ይነቃል።

ክፍል ፬። ስለ ምግቡ

እባብ እንደ ሰው በየቀኑ አይበላም። አንድ ትልቅ አይጥ የዋጠ የቤት እባብ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፤ ትልቅ እንስሳ የዋጠ ዘንዶ ደግሞ ብዙ ወር ይቆያል። ከላይ የተነገረለት የምዕራብ አፍሪቃ ትንሽ ዘንዶ በሣጥን ውስጥ ሲያድግ፥ ጤናው ሳይጎድል በቀዝቃዛው ወራት ብዙ ሳምንት፥ አንዳንዴም ብዙ ወር ምግብ ይተዋል። ስለዚህ እባብ ምግብ ተወ ተብሎ ብቻ ታሟል አይባልም።

እባብ በበላ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። ሆዱ ስለሚከብደው መሮጥ አይችልም፤ ስለዚህ ሞቃት ስፍራ ፈልጎ ተጠቅልሎ ይተኛል። የዚያን ጊዜ ቢያስደነግጡት ወይም ቢበርደው የዋጠውን መልሶ ይተፋል። አሳዳጊዎች እባቡ ከበላ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ሳይነኩት የሚቆዩት ስለዚህ ነው። የራበው እባብ ደግሞ ምላሱን ቶሎ ቶሎ እያወጣ ይዞራል። ምላሱ መርዝ የለበትም፤ ሽታን ከአየር ለቅሞ በላንቃው ወዳለው የማሽተቻ ሕዋስ የሚያደርስ ነው። አይጥ የነካ እጅ ለእባቡ አይጥ አይጥ ይሸተዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አሳዳጊውን የሚነክሰው ጠልቶት ሳይሆን እጁ ምግብ መስሎት ነው።

በልዩ ልዩ አገር እባብ ወተት ይወዳል፥ ላምም ይጠባል ተብሎ ይነገራል። እባብ ግን ወተት ምግቡ አይደለም፤ አፉም ለመጥባት አልተሠራም። ውኃ በጠማው ጊዜ ያገኘውን ፈሳሽ ሊጠጣ ይችላል፤ በወተት ዕቃ አጠገብ ቢታይም ብዙ ጊዜ ያመጣው አይጡ ነው።

ክፍል ፭። ስለ ዘሩ

በመራቢያው ወራት ወንዱ እባብ ሴቲቱን በሽታ ተከትሎ ከስፍራው ርቆ ይዞራል፤ ምግብም ይረሳል። በሌላ ጊዜ የማይታይበት መንገድ ላይ በቀን የሚታየው አንዳንዴ ስለዚህ ነው። ያረገዘችው ሴት ደግሞ ከሌላው ጊዜ አብዝታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ስትከብድም ምግብ ትተዋለች። የቤት እባብ እንቍላል ይጥላል። ዘንዶም እንቍላል ይጥላል፤ እናቲቱም እስኪፈለፈል ድረስ በላዩ ተጠቅልላ ትጠብቀዋለች፤ በዚያን ጊዜ የቀረባትን ሁሉ ትቆጣለች።

ብዙው የእፉኝት ዓይነት ግን እንቍላል ሳይጥል ሕይወት ያላቸውን ግልገሎች ይወልዳል። እፉኝት ሲወለድ የእናቱን ሆድ ቀድዶ ገድሏት ይወጣል የሚለው ነገር በጥንት መጻሕፍትም በሕዝብም አፍ ይገኛል። ይህ ልክ አይደለም፤ እናቲቱ በደኅና ወልዳ ትኖራለች። በአፍሪቃ ሁሉ የታወቀውና ሲቆጣ ተነፍቶ በኃይል የሚተነፍሰው እፉኝት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ግልገል ይወልዳል። ግልገሎቹም በተወለዱበት ቀን መርዝ ስላላቸው፥ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አደጋ ነው።

ክፍል ፮። እባብ ይለምዳልን

ውሻ ጌታውን ይወዳል፤ በሬም የጌታውን ድምፅ ያውቃል። እባብ ግን ሊደርስበት የሚችለው መልመድ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ያየው ነገር ጉዳት ካላደረሰበት ሽሽቱን ያቀንሳል። ይህ ፍርሃት መቀነስ ነው፤ እንደ ውሻ ያለ ፍቅር አይደለም። ቆዳው፥ ሙቀቱ፥ ምግቡ ወይም ዘሩ ባወከው ቀን የተቀነሰው ፍርሃት ይመለሳል። አሥር ዓመት በሣጥን የኖረ እባብ አንድ ቀን የሚነክሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይልቁንም አለመሸሽን እንደ መልመድ መቍጠር እጅግ ያሳስታል። እባብ ሁሉ ከሰው ኮቴ አይሸሽም። እፉኝት መልኩ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋራ ስለሚመሳሰል፥ ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ጸጥ ብሎ መተኛትን ይመርጣል፤ የተረገጠ እንደ ሆነ ግን ወዲያው ይነክሳል። የተገደለ እባብም ቢሆን ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በኋላ ሊነክስ ስለሚችል በእጅ አይነሣም።

እባብ ሊነክስ ሲል ብዙ ጊዜ ያስጠነቅቃል። አንገቱን እንደ ታጠፈ ገመድ ወደ ኋላ ይሰበስባል፤ እፉኝት በኃይል ይተነፍሳል፤ ኮብራ የሚባለው ራሱን አንሥቶ አንገቱን ያሰፋል፥ ከኮብራም ወገን መርዙን ወደ ዓይን የሚተፋ አለ። ይህን ያየ ሰው እጁን ሳያወናጭፍ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለስ።

ፈቃድና ሙያ ያላቸው ሰዎች ለምርመራ ወይም ለመድኃኒት ሥራ እባብ ሲይዙ ሥርዓት አላቸው። በረጅም የብረት ሜንጦ ያነሡታል፤ ገላውን በሙሉ ይደግፉታል፤ ከላይ በድንገት አይጨብጡትም፥ እንደ አሞራ ይመስለዋልና፤ ከነኩትም በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፥ ከአፉ አረፋ የሚወጣ፥ የከሳ፥ ቆዳው ቁርጥራጭ ሆኖ የሚቀርበት እባብ ሲያዩ በእውነት ታሟል ብለው ወደ እንስሳት ሐኪም ያደርሱታል።

ክፍል ፯። ይህ ዕውቀት የሚያስፈልግበት ስፍራ

ከደባርቅ፥ ከዳባት፥ ከወገራና ከደምቢያ ብዙ ወጣቶች በክረምትና በመከር ጊዜ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፥ ወደ ቋራና ወደ አርማጭሆ ቆላ ይወርዳሉ። ከእነርሱም መካከል ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚሄዱ ተማሪዎች ይገኛሉ። በደጋ ያደገ ልጅ እባብን አልፎ አልፎ፥ በብርድ ደንዝዞ ያየው ነው፤ በቆላው የሚያገኘው ግን ሌሊቱን ሁሉ የሚንቀሳቀስ ነው። በባዶ እግር እያጨደ፥ በመሬት ላይ እየተኛ፥ እባብ ሁሉ እንደ አገሩ እባብ ይሸሻል ብሎ ቢያምን ይጎዳል። በምዕራብ አርማጭሆ በአብደራፊ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለብዙ ዓመታት የካላዛር በሽተኞችንና በእባብ የተነከሱትን ሲያክም ቆይቷል፤ ከታካሚዎቹም ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ በዓለም 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ እንደሚነከስ፥ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስም ሰው እንደሚሞት ይገምታል። በ2009 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2017) በእባብ መነከስን ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል ቈጥሮታል። መርዙን የሚያረክሰውን መድኃኒት ፈረንሳዊው ሐኪም አልቤር ካልሜትና ሌሎች ሊቃውንት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ገልጠውታል። ይህም ጥቂት በጥቂት መርዝ ከተሰጠው ፈረስ ደም የሚዘጋጅ ነው፤ ስለዚህ ለመድኃኒቱ መሥሪያ እባብ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ሰው በእባብ በተነከሰ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው። ከእባቡ ይራቅ፤ እባቡን ለመግደል ጊዜ አይጥፋ። የተነከሰው ሰው ይረጋጋ፥ አይሩጥም። ቀለበት፥ አምባርና ጫማ እብጠት ሳይመጣ ይውለቅ። የተነከሰው እግር ወይም እጅ በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ከዚያም በቃሬዛ ወይም በከብት ጀርባ፥ መኪናም ካለ በመኪና፥ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የሚያስታውከው እንደ ሆነ በግራ ጎኑ ይተኛ። በገመድ አጥብቆ ማሰር ደም ከልክሎ አካልን ይገድላል፤ በምላጭ መብጣት ደም ያፈሳል፤ በአፍ መምጠጥና ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥ መርዙን አያወጡም፥ ሰዓት ግን ያጠፋሉ።

ለአስተማሪው

ያለ አደጋ የሚሰጠው መልካም ትምህርት ከተጣለ ቆዳ የሚገኘው ነው። በካብ አጠገብ የደረቀ የእባብ ቆዳ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ልጆች እንዳይቀርቡ ተደርጎ አስተማሪው በረጅም እንጨት ያንሣው፤ ባለቤቱ በአቅራቢያው ሊኖር ይችላልና። ቆዳው በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፥ በዓይኑ ስፍራ ያሉትን ሁለት ጥርት ያሉ ክብ ቅርፊቶች፥ በሆዱም በኩል ያሉትን ሰፋፊ ቅርፊቶች ልጆች ይመልከቱ። ሁለቱ የዓይን ቅርፊቶች ከቆዳው ጋራ መገኘታቸው እባቡ ስለ ምን ፈዞ እንደ ነበረ ለልጁ በዓይኑ ያስረዳዋል። ከትምህርቱ በኋላ ሁሉም እጃቸውን ይታጠቡ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደ ተባለ፥ ያለ ዕውቀት የሚፈራ ሰው ልጡንም ይሸሻል፤ ያለ ዕውቀት የሚደፍር ደግሞ እፉኝቱን ይረግጣል። የአስተማሪውና የሽማግሌው ሥራ ልጁን ከሁለቱም አውጥቶ፥ አይቶ ማወቅንና አውቆ መራቅን ማስተማር ነው።

ጥያቄ

፩። የእባብን ጠባይ የሚለውጡት አራቱ ነገሮች ምን ምን ናቸው?
፪። እባብ ቆዳውን ከመጣሉ በፊት ዓይኑ የሚፈዘው ስለ ምንድር ነው?
፫። በፊሳልጎስ ከተነገረው የዛሬው ምርመራ ያጸናው የትኛውን ነው? ያረመውስ የትኛውን ነው?
፬። እባብ በታኅሣሥ ጠፍቶ በሐምሌ በደጃፍ ቢታይ ምክንያቱ ምንድር ነው?
፭። እፉኝት ከሰው አለመሸሹ ልማድ ያልሆነው ስለ ምንድር ነው?
፮። በመንደራችሁ አንድ ሰው በእባብ ቢነከስ የሚደረገውንና የማይደረገውን በተራ ተናገሩ።